ከሞዴስ ወደ ካፕ፦ የአራት ወር ማስታወሻዬ

ጥቅምት 3 ቀን 2018፣ ሰኞ

ካፑ ዛሬ እጄ ገባ። በሞዴስ ፋንታ ወደ ውስጥ ገብቶ የወር አበባ ደም የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ይደፋል፣ ታጥቦ ይደገማል። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። «እኔ በካፕ መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሞዴስ መግዛት ትቻለሁ» አለችኝ። እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ የምታወራውን ነገር እኔ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ነው ከፍቼ ያየሁት።

ትንሽ ነው። የተገለበጠ ደወል ይመስላል፤ ከታች አጭር ጭራ አለችው። ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ቷ ብሎ ይከፈታል። አፉ ዙሪያ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ አራት ቀዳዳዎች አሉት። ጎኑ ላይ 10 እና 20 የሚሉ መስመሮች ተቀርጸዋል፤ በሚሊ ሊትር ነው። እስከ አፉ ከተሞላ 25 ይይዛል።

እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። መስመር ያለበት ዕቃ ሳይ መለካት ያምረኛል። የሚሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

አንድ ሒሳብ ሠራሁ። የወር አበባ ያየሁት በ14 ዓመቴ ነው፤ አሁን 31 ነኝ። በወር 18 ሞዴስ ገደማ እጨርሳለሁ። በዓመት 216፣ በ17 ዓመት 3,672። ያ ሁሉ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ተገዛ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ተጣለ። አንድ ካፕ በደንብ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።

ግን ያነሳሳኝ ሒሳቡ አይደለም። ጋውኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሁለተኛ ቀኔ ላይ፣ ለ11ኛ ክፍል የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ እያስተማርኩ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እጽፋለሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ተነስታ መጣች። «ቲቸር፣ ይቅርታ» አለችና ሹራቧን ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ነጭ ጋውን ነበር የለበስኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሹራቡን አጥቤ ስመልስላት እንኳን ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

መቀቀል። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት፣ ከዚያም በየወሩ አንዴ መቀቀል አለበት። ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ገዛሁ። ጠርዟ ላይ በቀይ ጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩባት፤ እማዬ ሽሮ እንዳትሠራባት።

ውሃው ሲንተከተክ በሌላ ድስት ቴርሞሜትር ከተትኩ። 92 ዲግሪ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ጋ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፤ በራሴ ወጥ ቤት ግን ለክቼ አላውቅም ነበር። መመሪያው አምስት ደቂቃ ይላል፣ እኔ አሥር አደረግኩት።

በሦስተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ሲሊንደሩን አውጥቼ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። አንድ የተማርኩት ነገር፦ ካፑ የድስቱን ታች መንካት የለበትም። ውሃው ካለቀ ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃው በዛ ማለት አለበት፣ አጠገቡም መቆም ያስፈልጋል።

ቆሜ ስጠብቅ ስለ ታሪኩ አነበብኩ። አዲስ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ሊዮና ቻልመርስ የምትባል አሜሪካዊት ተዋናይት የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያኔ ከጎማ ነበር የሚሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጎማ ሲጠፋ ሥራው ቆመ። አያቶቻችን ልጃገረድ ሳሉ የነበረ ዕቃ ነው ማለት ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን ሲስተርን ጠየቅኳት። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ነገር አታለባብስም።

«የማህፀን አፍሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። 31 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ዲግሪ አለኝ፣ አላውቅም።

«እጅሽን ታጠቢና ጣትሽን አስገቢ። የአፍንጫ ጫፍ የመሰለ ነገር ትነኪያለሽ፣ እሱ ነው። አበባሽ ሲመጣ ዝቅ ይላል። ቅርብ ከሆነ አጭር ካፕ ነው የሚያስፈልግሽ።»

ሁለት ማስጠንቀቂያም ሰጠችኝ። ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያስገባች ሴት ካፕ ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ሲወጣ ሉፑን ሊስብባት ይችላል። ሁለተኛው፣ ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ማዞርና ሽፍታ ከመጣ ወዲያው አውጥቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ባክቴሪያ የሚያመጣው መመረዝ ነው፤ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ግን ቀልድ አያውቅም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፦ አንደኛ ቀን

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ተነስቼ ታጠብኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት አስተጣጠፍ ቀላሉን ነው። ካፑን ጠፍጠፍ ታደርጊውና ሁለቱን ጫፎች ታገጣጥሚያለሽ። ከላይ ሲያዩት ቁጭ «ሀ»ን ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከእጄ አምልጦ ደጅ ላይ ተከፈተ። አመመኝ። በላብ ተጠመቅኩ። ሞዴሴን አድርጌ ሥራ ሄድኩ።

ማታ ተረጋግቼ እንደገና። ስህተቴ ገባኝ፦ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ነበር የምገፋው። መንገዱ ወደ ላይ አይደለም የሚሄደው፣ ወደ ኋላ ነው፣ ወደ ጀርባ አጥንት። ቁጢጥ አልኩ፣ ካፑን በውሃ አራስኩት፣ ወደ ኋላ አዘነበልኩት። ገባ። ውስጥ ሲከፈት ተሰማኝ። ተነስቼ ቆምኩ፣ ተራመድኩ፣ ተቀመጥኩ። ምንም የለም።

ከዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለማየት ቸኮልኩ። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ጭራዋን ይዤ ጎተትኩ። አልወጣም። ማህፀኔ አብሮ የሚመጣ መሰለኝ። ይበልጥ ስደነግጥ ጡንቻዬ ይበልጥ ጨመደደው፤ ካፑም ሽቅብ ሄደ፣ ጭራዋ ጠፋችኝ። ወደ አክስቴ ልጅ በቴሌግራም ድምፅ ላክሁላት። «ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ። የትም አይሄድም» ብላ መለሰች።

እውነቷን ነው። የማህፀን አፍ ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው፤ ካፕ አያሳልፍም። መንገዱ መጨረሻ አለው። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ቁጢጥ አልኩና ሽንት ቤት እንደሚያምጡት አማጥኩ። ዝቅ ብሎ መጣልኝ። ጭራዋን ትቼ የካፑን ቂጥ በሁለት ጣት ጨመቅ ሳደርገው አየር ገባ፣ «ጭስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ለቀቀ። ጎኑን ጋደል አድርጌ አወጣሁት። እኔ ለካ በአየር የተጣበቀን ነገር ነበር በጉልበት የምጎትተው። የፊዚክስ መምህርት ሆኜ ይሄ ቶሎ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከወጣ በኋላ ግን ቆሜ አየሁት። ሞዴስ ላይ የማውቀው ደም ቡናማ ነው፣ ይሸታል። ይሄ ደማቅ ቀይ ነው። ምንም አይሸትም። ሽታው የሚመጣው አየር አግኝቶ ሲቆይ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴን እሸታለሁ ብዬ ስሸማቀቅ ኖሬ፣ እንዲህ ንጹሕ ነገር ነው ከውስጤ የሚወጣው። እንባዬ መጣ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፦ ሁለተኛ ቀን

ፈሰሰ። ደግነቱ ለጥንቃቄ ስስ ሞዴስ አድርጌ ነበር። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ርጥበት ተሰማኝ። ማታ ሳጣራ ካፑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ በአንድ ጎኑ ገባ ያለ ነበር።

ጥቅምት 13

አዲስ አስተጣጠፍ። የካፑን አፍ አንድ ጎን በሌባ ጣቴ ወደ ውስጥ እጫነዋለሁ። ጫፉ ሾጠጥ ይላል፣ የጽጌረዳ እምቡጥ ይመስላል። ከ«ሀ» ይሻላል። ካስገባሁ በኋላ ጣቴን በካፑ ቂጥ ዙሪያ አዞራለሁ። ሙልሙል ያለ ክብ ከሆነ ተከፍቷል፤ ስርጉድ ያለ ካለ ትንሽ አሽከረክረዋለሁ።

ቀኑን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልነካኝም።

ጥቅምት 14

ጭራዋ ስቀመጥ ትወጋኛለች። የማህፀን አፌ ቅርብ ነው ማለት ነው፣ ሲስተር እንዳለችው። ካፑን አውጥቼ ግማሿን ቆረጥኩ። እዚያው ሰውነት ውስጥ እያለ መቁረጥ አይገባም። በአንዴም ብዙ አይቆረጥም፣ የተቆረጠ አይመለስም።

ጥቅምት 23

በወሩ መሀል ካፑ በጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ ይተኛል። አየር የሚያስገባ ከረጢት ነው የሚፈልገው፤ ፌስታል ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል።

ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ የሚባል የጤና ጥናት መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጽሑፍ አገኘሁ። 43 ጥናቶችን ሰብስቦ ነው ያየው፣ 3,300 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች የተሳተፉባቸው። ኬንያ ውስጥ ተማሪዎች ላይ የተደረገም አለበት። መፍሰሱ ከሞዴስ አይብስም፣ ወይም ያንሳል። አጠቃቀሙን ከለመዱት ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ መቀጠል ይፈልጋሉ። እስኪለመድ ግን ጥቂት ወራት ይወስዳል። ይህን ሳነብ ልቤ ተረጋጋ። የመጀመሪያው ወር ያስቸገረኝ እኔን ብቻ አይደለም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው ወር። በአንደኛው ሙከራ ገባ።

ሰፈራችን ውሃ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤት ያለው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ይሄ የውሃ ሀገር ዕቃ ነው» ይለኛል። እኔ ያየሁትን ልጻፍ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አስገባለሁ፣ ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ አወጣለሁ። ካፑን በአንዴ ከ12 ሰዓት በላይ ውስጥ ማቆየት አይገባም። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ የማደርገው ነገር የለም። በቀን የሚያስፈልገኝ ውሃ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። አንዱ በሳሙና ለእጄ፣ አንዱ ለካፑ። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ነው የምጠቀመው። የአፉን ቀዳዳዎች ለማጽዳት ካፑን ውሃ ሞልቼ አፉን በመዳፌ ከድኜ እጨምቀዋለሁ፤ በአራቱም ቀዳዳ ቀጭን ውሃ ፊጭ ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አለቀ። ልኬቱ እነሆ፦ አንደኛ ቀን 9፣ ሁለተኛ 19፣ ሦስተኛ 11፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 2። ጠቅላላ 46 ሚሊ ሊትር።

ደጋግሜ ደመርኩት። ከዚያ አንዲት የቡና ሲኒ አምጥቼ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ጨመርኩባት። አሥራ አራት ጊዜ፤ 70 ሚሊ ሊትር። የአንድ ወር ደሜ አንዲት ሲኒ አይሞላም። እኔ ግማሽ ሊትር የሚፈሰኝ ይመስለኝ ነበር። ሞዴስ ላይ ተንጣሎ ሲታይ ብዙ ይመስላላ።

እማዬ ሲኒዋን ከእጄ ተቀብላ ቆየች። «እኛ ጨርቅ ነበር የምናደርገው» አለች። «አጥበን ከነጠላ ሥር ነበር የምናሰጣው፣ ወንድ እንዳያየው። ፀሐይ ስለማያገኘው አይደርቅም፣ እርጥቡን እናደርገዋለን።» ይህን ነግራኝ አታውቅም። ዛሬ አንዲት ሲኒ አስወራቻት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ቁጥሩን መምህራን ክፍል ውስጥ ለአንዲት ታላቅ ባልደረባዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ በየሰዓቱ ነው የምቀይረው፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ይመስለኝ ነበር» አለች። ሐኪሞች በወር ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ብዙ ነው ይላሉ። በየሰዓቱ መቀየርም ራሱ ምልክት ነው። «እትዬ፣ እባክዎ ይታዩ» አልኳት። ለዓመታት ደረጃ ስወጣ ያደክመኛል ስትል ሰምቼ፣ ዕድሜ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ኅዳር 25

ታየች። ደም ማነስ አለባት። የብረት ኪኒን ታዝዞላታል፣ አልትራሳውንድ ቀጠሮ ይዛለች። ይህ ብቻ እንኳን ለእኔ በቂ ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

አጎቴ ዐረፈ። ሌሊት ተነስተን በአውቶቡስ ወደ ጅማ። ሦስተኛው ወር፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ቢሆን ጉዞውን ሁሉ መቀመጫዬን እያየሁ፣ አውቶቡሱ የት ይቆማል እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ዛሬ አጎቴን እያሰብኩ አለቀስኩ። ያለቅስ የነበረው ልቤ ብቻ ነበር፣ አካሌ አላስቸገረኝም።

ማታ ግን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። መብራት የለውም። በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ካፑ ከእጄ ቢያመልጥ አለቀ። እንዲህ አደረግኩ፦ ከመግባቴ በፊት ጓሮ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የስልኬን መብራት አብርቼ በጥርሴ ያዝኩት። ጉድጓዱ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ጎኑ ላይ ነው ቁጢጥ ያልኩት። ሳወጣ ግራ እጄን ከሥር እንደ ጽዋ ዘርግቼ ነው። ደፋሁት፣ ከሃይላንዱ አለቀለቅኩት፣ መለስኩት። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስወጣ የአክስቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ «ደህና ነሽ ልጄ?» «ደህና ነኝ» አልኳት፣ እውነቴን ነበር።

ከዚህ ወር ጀምሮ ለጥንቃቄ የማደርገውን ሞዴስ ትቻለሁ።

ታኅሣሥ 20

እማዬ የምትፈራውን ዛሬ አወጣችው። «ለተማሪዎችሽ እንዳታወሪ። ድንግልናቸውስ?» ፍርሃቷን አልንቀውም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ፍርሃት ነው። የድንግልና ስስ ሥጋ የሚለጠጥ ነገር ነው፣ በስፖርትም ሊሰነጠቅ ይችላል፣ መኖሩም አለመኖሩም አንዲት ልጅ ከወንድ ጋር ሆና እንደሆነ አያሳይም። ይህን ነገርኳት። እሷ ግን «የሰፈር ሰው ሐኪም አይደለም» አለችኝ። በዚህ ላይ እውነት አላት።

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ። ካፕ ይጠቀሙ ብዬ ለልጆቹ አልመክርም። የራሳቸውና የቤተሰባቸው ጉዳይ ነው። ታጥቦ የሚደገም ሞዴስም አለ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፍታ የምታሠራው እሱን ነው፤ በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተሸልማለች። ፀሐይ ላይ በግልጽ ከተሰጣ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ጥሩ ነገር ነው። እኔ ለልጆቹ የማሳየው ልኬቱን ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ

አራተኛው ወር። ስለ ካፑ የምጽፈው ነገር አጣሁ። ገባ፣ ተረሳ፣ ወጣ።

ጥር 8፣ ዓርብ

የልጃገረዶች ክበብ። ሃያ ስድስት ልጆች መጡ። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። «አንዲት ሴት በወር ስንት የሚፈሳት ይመስላችኋል?» አልኳቸው። አንዷ አንድ ሊትር አለች፤ ሌላዋ ሁለት። አንዷን ጠርቼ ሲሪንጁን ሰጠኋት። ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ድረስ የተለመደ እንደሆነ ነግሬያት፣ 30ን ሲኒዋ ውስጥ አስለካኋት። ሃያ ስድስቱም ተነስተው ከበቧት። የሲኒዋን ግማሽ እንኳን አልደረሰም።

«በቃ ይቺ ናት?» አለች የለካችው ልጅ።

ስለ ደም ማነስ ጠየቁኝ። ስለ ሕመሙ ጠየቁኝ። ጨርቅ የምታደርግ አንዲት ልጅ የት እንደምታሰጣው ጠየቀችኝ፤ ፀሐይ ላይ፣ በግልጽ አልኳት። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ጎረቤቷን እየነካካች ነው የምትናገረው።

«ቲቸር፣ የእርስዎስ ስንት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋውኔን ለብሼ ነበር፤ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ወደ ሰሌዳው ዞርኩና ጠመኔ አንስቼ ጻፍኩት፦ 46 ሚሊ ሊትር።